ከባማኮ እስከ ኦሌምቤ፦ የአሊዩ ሲሴ የሃያ ዓመት መንገድ

ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2022 ምሽት በያውንዴው ኦሌምቤ ስታዲየም የአፍሪካ ዋንጫ ፍፃሜ ከተጀመረ ጥቂት ደቂቃዎች እንኳ ሳይቆይ ደቡብ አፍሪካዊው ዳኛ ቪክቶር ጎሜዝ ለሴኔጋል ፍፁም ቅጣት ምት ሰጠ። ሳዲዮ ማኔ ለመምታት ሲዘጋጅ፣ በሊቨርፑል አብሮት ይጫወት የነበረው ሞሐመድ ሳላህ ወደ ግብፁ ግብ ጠባቂ ጋባስኪ ተጠግቶ የኳሱን አቅጣጫ ሊጠቁመው ሞከረ፤ ማኔም ሁለቱ ወደቆሙበት ሄዶ በንግግራቸው መሀል ገባ። ከዚያ ተመልሶ ኳሱን በኃይል መታው፤ ጋባስኪ ተወርውሮ አዳነው። ጊዜው 7ኛው ደቂቃ ነበር።

ይህን ከሜዳው ጠርዝ ቆሞ የተመለከተው የሴኔጋል አሰልጣኝ አሊዩ ሲሴ፣ በአፍሪካ ዋንጫ ፍፃሜ ፍፁም ቅጣት ምት ማምከን ምን እንደሆነ ከሌላ ሰው መስማት አያስፈልገውም ነበር። 20 ዓመት ሊሞላ አራት ቀን ሲቀረው፣ ማለትም ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2002 በማሊ ዋና ከተማ በባማኮ፣ ሴኔጋል በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ በደረሰችበት ፍፃሜ ከካሜሩን ጋር ያለ ግብ ተለያይታ ወደ መለያ ምት ስትገባ፣ የመጨረሻውን ኳስ የመታው የቡድኑ አምበል ሲሴ ነው። ኳሱ መረብ ላይ ሳያርፍ ቀረ፤ ካሜሩንም 3 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሁለቱ ምሽቶች መካከል ያለው ዘመን የአንድ ሰው የሥራ ታሪክ ነው። እኔ ይህን ታሪክ ለጉዳይ ጥናት የመረጥኩት ግን ከሽንፈት ወደ ድል የተሻገረ ሰው ትረካ በመሆኑ ብቻ አይደለም። ከተከላካይ ክፍል የወጣ ተጫዋች አሰልጣኝ ሲሆን ቡድኑን በምን ላይ እንደሚገነባ፣ የቀጠረው ፌዴሬሽንስ ከሽንፈት በኋላ ምን ያህል ሊታገሠው እንደሚገባ፣ ከሲሴ ጉዳይ የበለጠ ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ ምሳሌ በአህጉራችን የቅርብ ዘመን እግር ኳስ አላውቅም።

ሲሴ የተወለደው ማርች 24 ቀን 1976 በደቡብ ሴኔጋል፣ በካዛማንስ ግዛት ዚጉንሾር ከተማ ነው። በልጅነቱ ወደ ፈረንሳይ ሄዶ ያደገው ከፓሪስ አጠገብ ባለችው ሻምፒኚ ሱር ማርን ነው። የእግር ኳስ ሕይወቱን በሊል ጀምሮ በሴዳን፣ በፓሪ ሳን ዠርማንና በውሰት በሞንፔሊዬ ተጫውቷል፤ ከዚያም ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ የበርሚንግሃም ሲቲንና የፖርትስመዝን ማሊያ ለብሷል። የሥራ ቦታው ከተከላካዮች ፊት ለፊት ያለው የተከላካይ አማካይ ስፍራ ሲሆን፣ ሲያስፈልግም ወደ ኋላ ተስቦ የመሀል ተከላካይ ሆኖ ይጫወት ነበር። ግብ የማስቆጠር ዝና አልነበረውም። የተቀጠረው የተጋጣሚን ኳስ እንዲነጥቅ፣ ክፍተት እንዲደፍን፣ ከፊትና ከኋላው ያሉትን ተጫዋቾች ቦታ ቦታቸውን እንዲያስይዝ ነው። በ2002 በፈረንሳዊው ብሩኖ ሜትሱ የሚመራው የሴኔጋል ቡድን አምበልነቱን የሰጠው እንደ ኤል ሐጂ ዲዩፍ ላሉት ባለ ተሰጥኦ አጥቂዎች ሳይሆን ለእርሱ መሆኑ ብዙ ይናገራል።

ያ ቡድን ከባማኮ ሽንፈት ከአራት ወር በታች በሆነ ጊዜ ውስጥ፣ ሜይ 31 ቀን 2002 በሴኡል የዓለም ዋንጫው መክፈቻ ላይ የዓለም ሻምፒዮን የነበረችውን ፈረንሳይን በፓፓ ቡባ ዲዮፕ ግብ 1 ለ 0 አሸነፈ። ስዊድንን በተጨማሪ ሰዓት በወርቃማ ጎል፣ ማለትም መጀመሪያ ያገባው ወዲያው በሚያሸንፍበት ደንብ፣ ጥሎ ሩብ ፍፃሜ ደረሰ፤ እዚያም በወርቃማ ጎል በቱርክ ተሸነፈ። አምበሉ ሲሴ ወደ ዳካር የተመለሰው እንደ ጀግና ነው።

በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 26 ቀን ምሽት፣ ከዚጉንሾር ወደ ዳካር ትጓዝ የነበረችው ጆላ የተባለች መርከብ በጋምቢያ የባሕር ጠረፍ አቅራቢያ ተገለበጠች። ካዛማንስን ከቀሪው ሴኔጋል የምትለየው ጋምቢያ ናትና መርከቢቱ ለአካባቢው ሰው ዋና መገናኛ ነበረች፤ በዚያች ሌሊትም ልትይዝ ከሚገባት ቁጥር እጅግ የበዙ መንገደኞችን ጭና ነበር። ከ1,800 በላይ ሰዎች አለቁ፤ የተረፉት 64 ብቻ ናቸው። ከሟቾቹ መካከል በርካቶቹ የሲሴ የቅርብ ዘመዶች ነበሩ። እርሱ በዚያ በጋ በርሚንግሃምን የተቀላቀለ አዲስ ፈራሚ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ በአህጉሩ ፍፃሜ ፍፁም ቅጣት ምት ያመከነ፣ በዓለም ዋንጫ ሩብ ፍፃሜ የቆመ፣ ከዚያም ዘመዶቹን በጅምላ የቀበረ ሰው ነው። ስለ አሰልጣኝነቱ ስናወራ ይህን መዝለል ተገቢ አይመስለኝም፤ የእግር ኳስ ሽንፈትን በልኩ የሚይዝ ሰው ምን ዓይነት ሕይወት እንዳለፈ ያሳያልና።

ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ሥራውን የጀመረው ከታች ነው። በሴኔጋል ከ23 ዓመት በታች ብሔራዊ ቡድን መጀመሪያ በረዳትነት፣ ቀጥሎም በዋና አሰልጣኝነት ሠራ። በ2012 የለንደን ኦሎምፒክ ሩብ ፍፃሜ የደረሰው የዚህ ዕድሜ ቡድን ሳዲዮ ማኔን፣ ኢድሪሳ ጋና ጌይንና ሼኩ ኩያቴን ያቀፈ ነበር። ሦስቱም ከአሥር ዓመት በኋላ በኦሌምቤው ፍፃሜ ከቋሚ አሰላለፍ ውስጥ ናቸው። ማርች 2015 ላይ ፈረንሳዊው አለን ዢሬስ ሲሰናበት በኦገስቲን ሴንጎር የሚመራው ፌዴሬሽን ኃላፊነቱን ለሲሴ ሰጠ። አሰልጣኙ በረዳትነት ካሰለፋቸው መካከል የግብ ጠባቂዎቹ አሰልጣኝ ቶኒ ሲልቫ ይገኝበታል። ሲልቫ በባማኮው ፍፃሜ የሴኔጋልን ግብ የጠበቀው ሰው ነው።

ውጤቱ ግን ወዲያው አልመጣም፤ የጉዳዩ ዋና ክፍልም እዚህ ላይ ነው። በ2017ቱ የጋቦን አፍሪካ ዋንጫ ሴኔጋል ምድቧን በመሪነት ጨርሳ ሩብ ፍፃሜ ላይ ካሜሩንን አገኘች። ጨዋታው እንደ ባማኮው ያለ ግብ አለቀ፤ በመለያ ምቱም ሴኔጋል 5 ለ 4 ተሸነፈች። የመጨረሻውን ኳስ ያመከነው ማኔ ነበር፤ ሜዳው ላይ አለቀሰ። በ2018 ሲሴ አገሩን ከ16 ዓመት በኋላ ወደ ዓለም ዋንጫ መለሰ፤ በሩሲያው ውድድር ከነበሩት 32 አሰልጣኞች መካከል ብቸኛው ጥቁር አሰልጣኝም እርሱ ነበር። ፖላንድን 2 ለ 1 አሸንፎ፣ ከጃፓን 2 ለ 2 ተለያይቶ፣ በኮሎምቢያ 1 ለ 0 ተሸነፈ። ሴኔጋልና ጃፓን በነጥብም፣ ባገቡትም፣ በገባባቸውም ግብ እኩል ሆኑ፤ እርስ በርስም አቻ ናቸው። ጃፓን 4፣ ሴኔጋል 6 ቢጫ ካርድ ስለነበራቸው በሥነ ምግባር መለኪያ ሴኔጋል ወደ ቤቷ ተመለሰች። በዓለም ዋንጫ ታሪክ በዚህ መንገድ የወደቀ የመጀመሪያው ቡድን ነው። ሲሴ ከጨዋታው በኋላ ደንቡን ከመንቀፍ ይልቅ ደንብ ስለሆነ ሊከበር እንደሚገባው ተናገረ።

ጁላይ 19 ቀን 2019 በካይሮ ደግሞ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ፍፃሜ ደረሰ። ተጋጣሚው የአልጄሪያው አሰልጣኝ ጀማል ቤልማዲ ነበር። ቤልማዲ የተወለደው ማርች 25 ቀን 1976፣ ከሲሴ አንድ ቀን ዘግይቶ፣ ሲሴ ባደገባት በዚያችው ሻምፒኚ ሱር ማርን ነው። የአንድ ሰፈር ልጆች የአህጉሩን ዋንጫ በሁለት ወንበር ተቀምጠው ተፎካከሩበት። የሴኔጋል የመከላከል ምሰሶ ካሊዱ ኩሊባሊ በቢጫ ካርድ ቅጣት አልተሰለፈም። 2ኛው ደቂቃ ላይ ባግዳድ ቡነጃህ የመታው ኳስ በተከላካይ ተጨርፎ መረብ ውስጥ ገባ፤ አልጄሪያ 1 ለ 0 አሸነፈች።

ሲሴ አሁን በተጫዋችነትም በአሰልጣኝነትም ፍፃሜ የተሸነፈ ሰው ሆነ። በብዙ አገሮች ዘንድ አሰልጣኝ የሚባረረው በዚህ ሰዓት ነው፤ የሴኔጋል ፌዴሬሽን ግን አላሰናበተውም፤ ውሉን አደሰለት። ይህ ውሳኔ ከዚህ ጉዳይ ውስጥ በጣም የሚያስቆጨኝ ክፍል ነው፤ የሚያስቆጨኝም ወደ ራሳችን ቤት ስመለከት ነው። ሲሴ በመንበሩ ላይ በቆየባቸው ከማርች 2015 እስከ ኦክቶበር 2024 ባሉት ዓመታት ዋልያዎቹን ዮሐንስ ሳህሌ፣ ገብረመድኅን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱ፣ ውበቱ አባተ፣ እንደገናም ገብረመድኅን ኃይሌ ተፈራርቀው ይዘዋቸዋል። እነዚህ ሁሉ ለሙያቸው የተከበሩ ሰዎች ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ እንኳ ግን ሁለት ጊዜ ወድቆ ለሦስተኛ ጊዜ የሚሞክርበት ዕድሜ አላገኘም።

ሲሴን የሚተቹት፣ በገዛ አገሩም ቁጥራቸው ቀላል ያልነበረ፣ ቡድኑ እነ ማኔንና ኢስማይላ ሳርን ይዞ ለምን እንዲህ ተጠንቅቆ ይጫወታል ይሉ ነበር። ጥያቄው አግባብ አለው። መልሱን ለመረዳት ግን የገቡበትን ግቦች መቁጠር ይጠቅማል። በ2019ኙ ውድድር ሴኔጋል በ7 ጨዋታ የገባባት 2 ግብ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ያስቆጠረችው አልጄሪያ ናት፣ አንዱን በምድብ፣ አንዱን በፍፃሜው። ዋንጫውን በበላችበት የካሜሩኑ ውድድርም በ7 ጨዋታ የገባባት 2 ግብ ነው። ያገባችው በመጀመሪያው 8፣ በሁለተኛው 9 ነው። በሌላ አነጋገር የተሸነፈው ቡድንና ያሸነፈው ቡድን በመዝገብ ላይ አንድ ዓይነት ናቸው ማለት ይቻላል። ሲሴ ከካይሮ በኋላ መንገዱን አልቀየረም። ግብ ካልገባብህ እስከ መጨረሻው ደቂቃ ድረስ ከውድድር አትወጣም የሚለው የተከላካይ ስሌት እንደ ነበረ ቀጠለ፤ የጨመረው ነገር ቢኖር ስሌቱን የሚያስፈጽሙ ሰዎችን ጥራት ነው።

እነዚህ ሰዎች ከሁለት ምንጭ የተቀዱ ናቸው። አንደኛው በአገር ውስጥ የተቋቋሙት የታዳጊዎች ማሠልጠኛዎች ናቸው፤ ማኔ፣ ኢስማይላ ሳርና ፓፕ ማታር ሳር ከፈረንሳዩ ሜትስ ክለብ ጋር በሚሠራው በዠኔራሲዮን ፉት፣ ኢድሪሳ ጌይ ደግሞ ሳሊ በሚገኘው በዲያምባርስ ያለፉ ናቸው። ሁለተኛው በፈረንሳይ ተወልደው ያደጉት የስደተኛ ልጆች ናቸው። ኩሊባሊ፣ ግብ ጠባቂው ኤዱዋር ሜንዲና አብዱ ዲያሎ ሦስቱም ከዚያ የመጡ ሲሆን፣ ኩሊባሊና ዲያሎ በወጣትነታቸው ለፈረንሳይ የዕድሜ ቡድኖች ተጫውተዋል። ዚጉንሾር ተወልዶ ሻምፒኚ ያደገው ሲሴ የሁለቱንም ወገን ቋንቋ የሚችል ሰው መሆኑ፣ በእኔ እምነት፣ ከየትኛውም የአሰላለፍ ስልት በላይ ረድቶታል።

የካሜሩኑ ውድድር ለሴኔጋል በመጥፎ ሁኔታ ጀመረ። ኩሊባሊና ሜንዲ በኮሮና ቫይረስ ምክንያት የመጀመሪያ ጨዋታዎች አመለጧቸው። ዚምባብዌ የተሸነፈችው በባከነው ሰዓት 97ኛው ደቂቃ ላይ ማኔ በመታው ፍፁም ቅጣት ምት ነው፤ ከጊኒና ከማላዊ ጋር ያለ ግብ ተለያዩ። ምድቡን በአንድ ግብ መሪ ሆኖ መጨረስ በዳካር ብዙ አስወቀሰው። በጥሎ ማለፉ ኬፕ ቨርዴን 2 ለ 0፣ ኢኳቶሪያል ጊኒን 3 ለ 1፣ ቡርኪና ፋሶን 3 ለ 1 ረትቶ ለፍፃሜ ደረሰ። የኢትዮጵያ አንባቢ ኬፕ ቨርዴንና ቡርኪና ፋሶን ሊረሳቸው አይችልም። ሁለቱም ዋልያዎቹ የነበሩበት ምድብ ሀ ቡድኖች ናቸው፤ ኬፕ ቨርዴ እኛን 1 ለ 0 ያሸነፈችን በዚያው በኦሌምቤ ሲሆን፣ ከቡርኪና ፋሶ ጋር 1 ለ 1 የተለያየነው ደግሞ ሴኔጋል የምድብ ጨዋታዎቿን ባደረገችበት በባፉሳም ነው። በአጭሩ ሴኔጋልና እኛ የተለካንበት ሚዛን ብዙም የተለያየ አልነበረም፤ ልዩነቱን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ለፍፃሜው ሲሴ ከተከላካዮቹ ፊት ጌይን፣ ናምፓሊስ ሜንዲንና ኩያቴን አሰለፈ። ሦስቱም ከማጥቃት ይልቅ ኳስ በመንጠቅ የሚታወቁ ናቸው፤ ሲሴ ራሱ ተጫዋች በነበረበት ቦታ ሦስት ሲሴዎችን ያቆመ ይመስላል። ግብፅ በጥሎ ማለፉ ያደረገቻቸው ሦስት ጨዋታዎች በሙሉ 120 ደቂቃ የፈጁ ስለነበሩ የሴኔጋል ተጫዋቾች የተሻለ ጉልበት ነበራቸው፤ ጋባስኪ ግን ያገኘውን ሁሉ እያዳነ ጨዋታውን ወደ መለያ ምት ወሰደው።

እዚህ ላይ ወደ ማኔ እንመለስ። ማኔ በ2017 የመጨረሻውን ምት አምክኗል። በ2019 ከኬንያና ከዩጋንዳ ጋር በተደረጉት ተከታታይ ጨዋታዎች ሁለት ፍፁም ቅጣት ምቶች አምክኖ ከዚያ በኋላ ለሌላ ሰው መተውን መርጦ ነበር፤ ግማሽ ፍፃሜው ላይ የቱኒዚያውን ምት የወሰደው ሄንሪ ሳይቬ ነው፤ እርሱም አምክኖታል። በዚህ ምሽትም ከሁለት ሰዓት በፊት በዚያው ሜዳ በዚያው ግብ ጠባቂ ፊት አምክኗል። ይህ ሁሉ እያለ ማኔ በአምስተኛው መቺነት ተሰለፈ። ኩሊባሊና ዲያሎ አስቆጠሩ፤ የቡና ሳርን ጋባስኪ አዳነበት፤ ወጣቱ ባምባ ዲየንግ አገባ። ከግብፅ በኩል ሞሐመድ አብደል ሞኔም የግቡን ቋሚ መታ፤ የሞሐናድ ላሺንን ኳስ ደግሞ የቶኒ ሲልቫ ተማሪ ኤዱዋር ሜንዲ አዳነው። የግብፅን አምስተኛ ምት ይጠብቅ የነበረው ሳላህ ተራው ሳይደርሰው ማኔ መታ፤ ኳሱም መረብ ላይ አረፈ። ሴኔጋል 4 ለ 2 አሸነፈች። የአገሪቱ የመጀመሪያ የአፍሪካ ዋንጫ ነበር፤ ሲሴ ሜዳው ላይ አለቀሰ፤ በዚያን ጊዜ የነበሩት ፕሬዚዳንት ማኪ ሳልም ማግስቱን ሰኞ ሥራ የማይሠራበት የሕዝብ በዓል አደረጉት።

የመለያ ምት የአሰልጣኝን ብቃት ያረጋግጣል ብዬ አልከራከርም። የአብደል ሞኔም ኳስ አንድ ስንዝር ወደ ውስጥ ቢገባ ዛሬ የምንጽፈው ሌላ ነበር። የአሰልጣኙ ሥራ ሊለካ የሚችለው ከኳሱ በፊት ባለው ውሳኔ ነው፤ ያመከነን ሰው እንደገና ወደ ነጥቡ መላክ ደግሞ ውሳኔ ነው። ማርች 29 ቀን 2022 በዲያምኒያዲዮ ለኳታሩ ዓለም ዋንጫ ለማለፍ ከግብፅ ጋር በተደረገው የመልስ ጨዋታ ነገሩ ተደገመ፤ በደርሶ መልስ 1 ለ 1 ተለያይተው ወደ መለያ ምት ሲገቡ ወሳኙን ኳስ ማኔ መትቶ አስቆጠረ።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ የሚያምረውን ያህል የሚያሳዝንም ነው። ማኔ ተጎድቶ ወደ ኳታር ሳይሄድ ቀረ። ሴኔጋል በኔዘርላንድ ተሸንፋ ኳታርንና ኢኳዶርን አሸነፈች፤ ኢኳዶርን የጣለችውን ግብ ያስቆጠረው ኩሊባሊ ሲሆን፣ ቀኑ ኖቬምበር 29፣ የፓፓ ቡባ ዲዮፕ ሁለተኛ ሙት ዓመት ነበር፤ አምበሉም የሟቹን 19 ቁጥር ክንዱ ላይ አሥሮ ነበር የተጫወተው። በጥሎ ማለፉ እንግሊዝ 3 ለ 0 አሸነፈቻቸው። በእንግሊዝ በኩል የቆመው አሰልጣኝ ጋሬዝ ሳውዝጌት በ1996ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ግማሽ ፍፃሜ ወሳኙን የመለያ ምት ያመከነ ተከላካይ ነበር፤ በዚያች ምሽት በሁለቱም ወገን የቆሙት አሰልጣኞች የአንድ ቁስል ባለቤቶች ናቸው።

በ2024ቱ የኮትዲቯር አፍሪካ ዋንጫ ሲሴ ሦስቱንም የምድብ ጨዋታዎች፣ ካሜሩንን 3 ለ 1 ያሸነፈበትን ጨምሮ፣ በድል ፈጸመ። ጃንዋሪ 29 ቀን ግን አዘጋጇ አገር በመጨረሻ ደቂቃዎች በፍራንክ ኬሲዬ ፍፁም ቅጣት ምት 1 ለ 1 አቻ ሆና በመለያ ምት 5 ለ 4 ጣለችው፤ ያመከነው ተከላካዩ ሙሳ ኒያካቴ ነበር። የዚህ ሽንፈት ቁጣ ከበፊቶቹ የባሰ ነበር። ኦክቶበር 2024 መጀመሪያ ላይ የአገሪቱ ስፖርት ሚኒስቴር የተቀመጡት ግቦች አልተሳኩም፣ ቡድኑና ሕዝቡም ተራርቀዋል በሚል ውሉ እንዳይታደስ ወሰነ። ዘጠኝ ዓመት ተኩል የዘለቀ ዘመን በዚሁ አበቃ። በቦታው የተተካው ፓፕ ቲያው በ2002ቱ የዓለም ዋንጫ ቡድን ውስጥ ነበር፤ አገሪቱ የወሰደችው ሌላ የውጭ አሰልጣኝ ሳይሆን የሲሴን የዘመን ጓድ መሆኑ፣ ሲሴ ራሱ ቢሰናበትም የከፈተው በር እንዳልተዘጋ ያሳያል።

ማርች 2015 ላይ የጀመረው ሰው ማርች 2025 ላይ የሊቢያ ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ሆነ። ሊቢያ ለዓለም ዋንጫ አልፋ አታውቅም። በአፍሪካ ዋንጫ ታሪኳ ፍፃሜ የደረሰችው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ኢትዮጵያም ተሳታፊ በነበረችበት በ1982ቱ ውድድር፣ በራሷ ዋና ከተማ በትሪፖሊ ነው። ከጋና ጋር 1 ለ 1 ተለያይታ በመለያ ምት 7 ለ 6 ተሸንፋለች።